በአሜሪካ የመንግሥት የቤት ድጎማ ለማግኘት፦ ከማመልከቻ እስከ ቤት መግባት ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የተዘጋጀ መመሪያ

በዩናይትድ ስቴትስ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች የተዘጋጁት የመንግሥት የቤት ፕሮግራሞች በርካታ ናቸው፤ ነገር ግን እንደ ምግብ ድጎማው መስፈርቱን ያሟላ ሁሉ የሚያገኛቸው አይደሉም። ገንዘቡ ኮንግረሱ በየዓመቱ በሚመድበው በጀት ልክ የተወሰነ ስለሆነ፣ ለኪራይ ድጎማ ብቁ ከሆኑት ቤተሰቦች መካከል በተግባር የሚያገኘው ከአራቱ አንዱ ያህል ነው። የቀሩት ተራ ይጠብቃሉ፤ በትልልቅ ከተሞችም ጥበቃው ብዙ ዓመታት ይፈጃል። ከዚህ የተነሣ ከባዱ ሥራ ማመልከቻውን መሙላት ሳይሆን፣ ካመለከቱ በኋላ ባሉት ዓመታት ሁሉ ስምዎ ከዝርዝሩ እንዳይሰረዝ መጠበቅ ነው። በማኅበረሰባችን ውስጥ ተራቸውን የሚያጡ ብዙዎች ብቁ ሆነው ሳለ አድራሻ ለውጠው ሳያሳውቁ፣ የመጣላቸውን ደብዳቤ ሳይመልሱ ወይም የተጠየቁትን ወረቀት በጊዜው ሳያቀርቡ የቀሩ መሆናቸው እጅግ ያሳዝናል፤ ይህ መመሪያም በዋናነት የተጻፈው ይህ እንዳይደገም ነው።

ፕሮግራሞቹን መለየት

በሰፊው ሴክሽን 8 እየተባለ የሚጠራው የኪራይ ቫውቸር መነሻው እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የቤቶችና የማኅበረሰብ ልማት ሕግ ሲሆን፣ ዛሬ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ቤተሰቦች ይጠቀሙበታል። ገንዘቡ የሚመጣው ሀድ በሚለው አጭር ስሙ ከሚታወቀው የፌዴራል የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት ነው፤ ማመልከቻውን የሚቀበለው፣ ተራውን የሚይዘውና ድጎማውን ለአከራዩ የሚከፍለው ግን በየከተማው ወይም በየካውንቲው የሚገኘው የቤቶች ባለሥልጣን፣ በተለምዶ ሃውዚንግ አውቶሪቲ የምንለው ነው። ቫውቸር የያዘ ቤተሰብ ቤቱን ራሱ ከግል አከራይ ይፈልጋል።

ከዚህ የሚለየው ፐብሊክ ሃውዚንግ የሚባለው፣ ባለሥልጣኑ ራሱ የሚያስተዳድረው ቤት ነው። በብዙ ቦታ ዝርዝሩ ከቫውቸሩ የተለየ ስለሆነ፣ ለአንዱ ያመለከተ ሰው ለሌላውም እንዳመለከተ ሊቈጥር አይገባውም። ሦስተኛው ዓይነት ድጎማው ከሕንፃው ጋር የታሰረበት አፓርታማ ሲሆን፣ ተከራዩ ሲለቅ ድጎማው ከእርሱ ጋር አይሄድም። ከእነዚህ ሕንፃዎች ብዙዎቹ የየራሳቸው ዝርዝር ስላላቸው በቀጥታ በሕንፃው ቢሮ ይመዘገባሉ። በዚህ ዓይነት ሕንፃ ውስጥ ያለው ድጎማ የቫውቸሩ ፕሮግራም አካል ከሆነ፣ ተከራዩ አንድ ዓመት ከኖረ በኋላ ይዞት ሊንቀሳቀስ የሚችል ቫውቸር የመጠየቅ መብት አለው። ይህን መብት የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

አራተኛው እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው የግብር ማሻሻያ ሕግ የተጀመረው ነው፤ በዚህ ፕሮግራም ለአልሚዎች የግብር ቅናሽ ይሰጥና ኪራዩ በሕግ በተወሰነ ጣሪያ ሥር እንዲቈይ ይደረጋል። በእኔ እምነት ወገኖቻችን ከሁሉ አብልጠው ቸል የሚሉት ይህን ነው። ኪራዩ በእያንዳንዱ ቤተሰብ ገቢ ሳይሆን በአካባቢው መካከለኛ ገቢ ላይ ተመሥርቶ ስለሚተመን የቫውቸሩን ያህል አይረክስም፤ ሆኖም ከገበያው ዋጋ በአብዛኛው ያነሰ ነው፣ ጥበቃውም ብዙ ጊዜ አጭር ነው፣ እነዚህ ሕንፃዎችም አመልካችን ቫውቸር ስለያዘ ብቻ እንዳይመልሱ ሕጉ ይከለክላቸዋል። ስለዚህ የቫውቸር ተራ የሚጠብቅ ቤተሰብ በዚህ ዓይነት አፓርታማ ውስጥ እየኖረ ቢጠብቅ ትልቅ እፎይታ ያገኛል።

ብቁ የሚሆነው ማን ነው?

ገቢ የሚለካው ሀድ በየዓመቱ ለየአካባቢው በሚያወጣው መካከለኛ ገቢ ነው። ለቫውቸር በአብዛኛው የሚፈቀደው ገቢያቸው ከዚህ መካከለኛ ገቢ 50 ከመቶ ለማይበልጥ ቤተሰቦች ሲሆን፣ ባለሥልጣኑ በየዓመቱ አዲስ ከሚያስገባቸው ውስጥ 75 ከመቶ የሚሆኑት ከ30 ከመቶው ወይም ከፌዴራሉ የድህነት መስመር (ከሁለቱ ከፍ ካለው) በታች መሆን አለባቸው። ለፐብሊክ ሃውዚንግ ጣሪያው እስከ 80 ከመቶ ይደርሳል። መለኪያው እንደ አካባቢውና እንደ ቤተሰቡ ቁጥር ስለሚለያይ፣ በሜሪላንድ ብቁ የሆነ ቤተሰብ በዚያው ገቢ በሌላ ግዛት ብቁ ላይሆን ይችላል።

የኢሚግሬሽን ሁኔታን በተመለከተ ዜጎች፣ ግሪን ካርድ የያዙ፣ በስደተኝነት የገቡና ጥገኝነት የተፈቀደላቸው ሰዎች ለቫውቸርና ለፐብሊክ ሃውዚንግ ብቁ ከሚባሉት ውስጥ ናቸው። በዲቪ የመጣ ቤተሰብም ግሪን ካርድ ይዞ ስለሚገባ በዚህ ውስጥ ይካተታል። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠባበቅ ወይም በጊዜያዊ ከለላ የሚኖር ሰው ግን የሥራ ፈቃድና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ቢኖረውም በዚሁ ብቻ ብቁ አይሆንም። በአንድ ቤት ውስጥ ብቁ የሆኑና ያልሆኑ ሰዎች አብረው ሲኖሩ፣ ለምሳሌ ልጆቹ እዚህ ተወልደው ወላጆቹ ገና ውሳኔ ሲጠብቁ፣ ድጎማው ብቁ በሆኑት ሰዎች ቁጥር ልክ ተቀንሶ የሚሰጥበት አሠራር አለ። ይህን አሠራር ለማስቀረት እ.ኤ.አ. በ2019 ሀድ የደንብ ረቂቅ አቅርቦ ነበር፤ ነገሩ አከራካሪ ሆኖ ስለሚቀጥል፣ እንዲህ ዓይነት ቤተሰብ ከማመልከቱ በፊት የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ወይም ነፃ የሕግ አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ቢያማክር ይበጃል። በግብር ቅናሽ ለተሠሩት አፓርታማዎች የቫውቸሩ የኢሚግሬሽን መስፈርት አይሠራም።

ወረቀት ማዘጋጀት

ከማመልከትዎ በፊት የቤተሰቡን ሁሉ መታወቂያ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ የልደትና የጋብቻ ማስረጃ፣ የኢሚግሬሽን ወረቀት፣ የቅርብ ወራት የደመወዝ ወረቀት፣ የባንክ መግለጫና የመጨረሻውን ዓመት የግብር ማስታወቂያ በአንድ ማኅደር ይሰብስቡ፤ ከአገር ቤት የመጣው ማስረጃ የተረጋገጠ ትርጉም ይያያዝበት። እኛን በተለይ የሚያጋጥሙን ችግሮች ግን ከዚህ ዝርዝር ውጭ ናቸው።

የመጀመሪያው የስም ጉዳይ ነው። በእኛ ባህል አባት፣ እናትና ልጅ የተለያየ የመጨረሻ ስም ስላላቸው፣ ቅጹን የሚመረምረው ሠራተኛ ሦስት የተለያዩ ቤተሰቦች አድርጎ ሊያያቸው ይችላል። በዚያ ላይ የአንድ ሰው ስም በፓስፖርቱ በአንድ ፊደል፣ በሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ በሌላ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። በግሪን ካርዱ ወይም በዜግነት ወረቀቱ ላይ ያለውን አጻጻፍ መሠረት አድርገው በሁሉም ቅጾች አንድ ዓይነት ይጻፉ፤ ስለ አሰያየም ልማዳችን የሚያስረዳ አጭር ደብዳቤም ከማመልከቻው ጋር ቢያያይዙ ብዙ ውጣ ውረድ ይቀርልዎታል። የልደት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎ ከሆነም ወደ ጎርጎርዮሱ ሲቀየር ከኢሚግሬሽን ወረቀቱ ጋር መመሳሰሉን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ሁለተኛው ዕቁብ ነው። ለወራት አነስተኛ ገቢ ይታይበት በነበረ የባንክ ሒሳብ ላይ የዕቁብ ዕጣ የወጣ ቀን በድንገት ብዙ ሺህ ዶላር ሲገባ፣ መርማሪው ያልተገለጸ ገቢ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። የደረሰዎት የራስዎ ቁጠባ መሆኑን፣ የዕቁቡን አባላት ብዛት፣ የወሩን መዋጮና ዕጣው የወጣበትን ቀን የሚገልጽ፣ በዕቁቡ ሰብሳቢ ወይም ጸሐፊ የተፈረመ ደብዳቤ ይያዙ፤ በየወሩ መዋጮውን የከፈሉበትን ማስረጃም ያስቀምጡ። ገንዘቡ ገቢ ባይሆንም በእጅዎ እስካለ ድረስ እንደ ሀብት ይመዘገባል።

ሦስተኛው በአገር ቤት ያለ ንብረት ነው። በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ወይም በትውልድ ከተማ የተሠራ ቤት ያለው ሰው ስለ ንብረት ሲጠየቅ መግለጽ አለበት። አሁን ባለው ሕግ የቤተሰቡ የተጣራ ሀብት ከ100,000 ዶላር ከበለጠ (መጠኑ ለዋጋ ንረት ይስተካከላል) ወይም ቤተሰቡ ሊኖርበት የሚችል የራሱ ቤት ካለው ለመግባት እንቅፋት ይሆናል፤ ነገር ግን ቤቱ ከሚሠሩበት ወይም ልጆች ከሚማሩበት ቦታ እጅግ የራቀ መሆኑ ለመኖሪያ አይመችም ሊያሰኘው ስለሚችል፣ መግለጽ ማለት መውደቅ ማለት አይደለም። መደበቅ ግን ማጭበርበር ነው፤ ከተደረሰበት ድጎማውን ከማሳጣት አልፎ የተከፈለውን ያስመልሳል፣ ለክስም ይዳርጋል።

በኡበር፣ በታክሲ ወይም በሌላ የግል ሥራ የሚተዳደሩ ሰዎች የሚቈጠርባቸው ጠቅላላው ገቢ ሳይሆን የሥራ ወጪው ተቀንሶ የሚቀረው ስለሆነ፣ የነዳጅ፣ የኢንሹራንስና የጥገና ደረሰኞቻቸውን ቢያስቀምጡ ጥቅሙ ለራሳቸው ነው። ለወላጆች ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ ግን ከገቢ ላይ አይቀነስም።

ማመልከትና ተራ መጠበቅ

ማመልከት ነፃ ነው። ለማመልከቻ፣ ለተራ ወይም ዕጣ ለማስወጣት ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ወይም ድረ ገጽ ሁሉ አጭበርባሪ ነው፤ ሠራተኛው ወዳጄ ነው የሚለውም ጭምር። ቅጽ ለመሙላት እገዛ ከፈለጉ በሀድ የታወቁ የቤት ጉዳይ አማካሪ ድርጅቶችን በነፃ የስልክ መስመር 800-569-4287 ደውለው ማግኘት ይችላሉ።

በአንድ ዝርዝር ብቻ አይወሰኑ። የቤቶች ባለሥልጣኖች ዝርዝራቸውን ለዓመታት ዘግተው ይቆዩና ለጥቂት ቀናት ብቻ ይከፍታሉ፤ ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2013 ዝርዝሩን ስትዘጋ 70,000 ያህል ስሞች ነበሩበት፤ ሲያትል ደግሞ በ2017 የከፈተችውን 3,500 ቦታ የሞላችው በዕጣ ነው። በዕጣ ሲሆን በመጀመሪያው ደቂቃ ማመልከት ምንም ጥቅም የለውም፤ በተራ ሲሆን ግን ሰዓቱ ይቈጠራል፤ ስለዚህ ማስታወቂያውን በጥንቃቄ ያንብቡ። በሚኖሩበት ካውንቲ ብቻ ሳይሆን በአጎራባቾቹም ያመልክቱ። ለአካባቢው ነዋሪ፣ ለአረጋዊ፣ ለአካል ጉዳተኛ፣ ለቤት አልባ ወይም ለሠራተኛ ቅድሚያ የሚሰጡ ባለሥልጣኖች ስላሉ፣ የሚመለከትዎትን ቅድሚያ ሳይዘሉ ምልክት ያድርጉበት። በሌላ ካውንቲ ቫውቸር ካገኙና ሲያመለክቱ የዚያ አካባቢ ነዋሪ ካልነበሩ፣ ይዘውት ከመዘዋወርዎ በፊት ለ12 ወራት እዚያው እንዲኖሩ ሊጠየቁ እንደሚችሉም አስቀድመው ይወቁ።

ካመለከቱ በኋላ የማረጋገጫ ቁጥሩን፣ የተመዘገቡበትን ቀንና የባለሥልጣኑን አድራሻ በአንድ ደብተር ላይ ይጻፉ። ቤት በለወጡ፣ ስልክ በቀየሩ፣ ልጅ በተወለደ ወይም ገቢ በተለወጠ ቁጥር በደብተሩ ላይ ላሉት ባለሥልጣኖች ሁሉ በየተራ ያሳውቁ፤ ለአንዱ መንገር ለሌላው እንደ መንገር አይቈጠርም፣ ለፖስታ ቤት አድራሻ ማስተላለፍም ብቻውን አይበቃም። ባለሥልጣኖቹ ዝርዝራቸውን ለማጥራት ‹‹አሁንም ተራዎን ይፈልጋሉ?›› የሚል ደብዳቤ ወይም ኢሜይል ይልካሉ፤ በተሰጠው ቀን ያልመለሰ ይሰረዛል። በአንድ ምድር ቤት ውስጥ ሦስትና አራት ሆነው የሚኖሩና ፖስታ የሚጠፋባቸው ወገኖች የሚታመን ዘመድ አድራሻ ወይም የፖስታ ሣጥን ቢጠቀሙ ይሻላል። ያደረሱትን ወረቀት ሁሉ ቅጂ ያስቀሩ፣ ደረሰኝም ይጠይቁ። ስምዎ በስህተት ከተሰረዘ በጽሑፍ ይግባኝ ይበሉ፤ ብቁ አይደለህም ተብሎ የተመለሰ አመልካች ምክንያቱን በጽሑፍ የማግኘትና ውሳኔው እንደገና እንዲታይለት የመጠየቅ መብት አለው።

እንግሊዝኛው ካስቸገረዎት አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ይህ ልመና አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። የአሥር ዓመት ልጅን ስለ ገቢና ስለ ፍርድ ቤት ጉዳይ እንዲያስተረጉም ማድረግ ለልጁም ለጉዳዩም አይበጅም።

ቫውቸሩ ሲደርስ

ቫውቸሩ ሲሰጥዎ ቤት ለመፈለግ ቢያንስ 60 ቀን ይኖርዎታል። ጊዜው ከማለቁ በፊት እንዲራዘምልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ካለቀ በኋላ መጠየቅ ብዙ ጊዜ ዋጋ የለውም።

የሚከፍሉትን ለማወቅ ስሌቱን ራስዎ ይሥሩት። ለምሳሌ ሁለት ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት በዓመት 36,000 ዶላር ቢያገኙና ለእያንዳንዱ ልጅ 480 ዶላር ቢቀነስላቸው (መጠኑ በየዓመቱ ሊስተካከል ይችላል) 35,040 ይቀራል፤ በወር 2,920 ዶላር ማለት ነው። ከዚህ 30 ከመቶው 876 ዶላር የእነርሱ ድርሻ ይሆናል። ባለሥልጣኑ ለዚያ ስፋት ላለው ቤት ያወጣው የክፍያ ጣሪያ 2,200 ዶላር ቢሆንና ኪራዩ ከመብራትና ከጋዙ ጋር 2,000 ዶላር ቢሆን፣ ቤተሰቡ 876 ከፍሎ ቀሪውን ባለሥልጣኑ ይሸፍናል። ኪራዩ 2,400 ቢሆን ከጣሪያው የበለጠው 200 ዶላር በቤተሰቡ ላይ ይጨመርና 1,076 ይከፍላል። 2,600 ከሆነ ግን ድርሻው 1,276 ደርሶ ከገቢው 40 ከመቶ ስለሚበልጥ፣ አዲስ ለሚገባ ቤተሰብ አይፈቀድም። ከ13 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ሥራ ለመሥራት ሲባል የሚከፈል የሞግዚት ወጪም ስለሚቀነስ ደረሰኙን አይርሱ።

ቤቱን ካገኙ በኋላ አከራዩ ቅጹን ፈርሞ ለባለሥልጣኑ ይቀርባል፣ ኪራዩ ምክንያታዊ መሆኑ ይታያል፣ ቤቱም ይመረመራል። ይህ ሁሉ ሳይጸድቅ አይግቡ፤ ከመጽደቁ በፊት ያለው ኪራይ ሙሉ በሙሉ በእርስዎ ላይ ይወድቃል። በውሉ ላይ ከተጻፈው በላይ በጎን እንዲከፍሉ የሚጠይቅ አከራይ ሕግ ይጥሳል፤ የከፈለውም ተከራይ ቫውቸሩን ለአደጋ ያጋልጣል። ከእናት፣ ከአባት፣ ከልጅ፣ ከአያት፣ ከልጅ ልጅ ወይም ከእኅትና ከወንድም መከራየትም አይፈቀድም፤ ለአካል ጉዳተኛ የሚደረግ ልዩ ሁኔታ ካልሆነ በቀር የእኅትዎን ምድር ቤት በቫውቸር መያዝ አይችሉም።

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ግዛት አከራይ ‹‹ቫውቸር አልቀበልም›› ብሎ እንዳይመልስ የሚከለክል ሕግ አለ፤ በቨርጂኒያ ጥቂት ቤቶች ብቻ ላላቸው አከራዮች ልዩነት ተደርጓል። በቴክሳስ ግን ግዛቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ከተሞች እንዲህ ዓይነት ሕግ እንዳያወጡ ስለከለከለ፣ በዳላስና በአካባቢው ያሉ ቤተሰቦች ፍለጋቸውን ቀደም ብለው መጀመርና በግብር ቅናሽ ወደተሠሩት ሕንፃዎች አስቀድመው መሄድ ይኖርባቸዋል።

ድጎማውን ይዞ መቆየት

ገቢና የቤተሰብ ሁኔታ በየጊዜው ይመረመራል፤ ለውጥ ሲኖር ባለሥልጣኑ በወሰነው ቀን ውስጥ ያሳውቁ። ከኢትዮጵያ የመጣ ባል፣ ሚስት ወይም እናት በቤቱ ውስጥ ለመኖር አስቀድሞ በባለሥልጣኑና በአከራዩ መፈቀድ አለበት። ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ወደ አገር ቤት የሚደረግ ረጅም ጉዞ ነው፦ መላው ቤተሰብ በተከታታይ ከ180 ቀን በላይ ከቤቱ ከራቀ ድጎማው ይቋረጣል፤ የብዙ ባለሥልጣኖች የራሳቸው ገደብ ደግሞ ከዚህ ያጠረ ስለሆነ፣ ለልቅሶ፣ ለሠርግ ወይም ለጠበል የሚሄድ ሰው ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ይጠይቅ። ድጎማው ሊቋረጥብዎ እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ ከደረሰዎ በተጻፈው ቀን ውስጥ ጉዳዩ እንዲሰማልዎ ይጠይቁ፤ ነፃ የሕግ አገልግሎት የሚሰጡ ድርጅቶችም በዚህ ጊዜ ይረዳሉ።

ከትልልቅ ከተሞች ውጭ ለሚኖሩ

በምግብና በሥጋ ማቀነባበሪያ ሥራ ምክንያት በትናንሽ ከተሞች የሰፈሩ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም፤ ለእነርሱ የተዘጋጀው በር ግን በብዛት ሳይንኳኳ ይቀራል። በገጠርና በትናንሽ ከተሞች የቤት ፕሮግራም የሚያካሂደው የግብርናው መሥሪያ ቤት ነው። ሴክሽን 502 የሚባለው ቀጥተኛ ብድር ገቢያቸው ዝቅተኛና እጅግ ዝቅተኛ ለሆኑ ቤተሰቦች ያለ ቅድሚያ ክፍያ ቤት እንዲገዙ የሚሰጥ ሲሆን፣ የመክፈያ ጊዜው 33 ዓመት ነው፣ ለአንዳንዶችም እስከ 38 ዓመት ይደርሳል፤ እንደ ቤተሰቡ ገቢ የወለድ ድጎማ ሲታከልበት ወለዱ እስከ 1 ከመቶ ሊወርድ ይችላል። ቤቱ ሲሸጥ ወይም ቤተሰቡ ሲለቅ ከድጎማው የተወሰነው ሊመለስ እንደሚችል ግን ከመፈረም በፊት መረዳት ያስፈልጋል። የሚገዛው ቤት ያለበት ቦታ እንደ ገጠር የሚቈጠር መሆኑን በመሥሪያ ቤቱ ካርታ ላይ አድራሻውን አስገብቶ ማየት ይቻላል፤ ከከተማ ወጣ ያሉ የማይጠረጠሩ ቦታዎች ብቁ ሆነው ይገኛሉ።

ጉልበት ያላቸው ቤተሰቦች በቡድን ተደራጅተው ቤታቸውን በባለሙያ ክትትል የሚሠሩበት ፕሮግራምም አለ። ቤተሰቦቹ ከሥራው 65 ከመቶ ያህሉን በራሳቸው ጉልበት ስለሚሠሩ የቤቱ ዋጋ ይቀንሳል፤ አንዱ ለሌላው እየሠራ ሁሉም ቤት እስኪያልቅ ማንም ቀድሞ አይገባም። በደቦ ላደገ ሰው አሠራሩ እንግዳ አይሆንበትም።

የራሳቸው ቤት ኖሯቸው ጣሪያው ለሚያፈስባቸው ወይም ማሞቂያው ለተበላሸባቸው ደግሞ ሴክሽን 504 አለ፤ ገቢው እጅግ ዝቅተኛ የሆነ የቤት ባለቤት እስከ 40,000 ዶላር በ1 ከመቶ ወለድ ለ20 ዓመት ይበደራል፤ ዕድሜው 62 ዓመትና ከዚያ በላይ ሆኖ ብድሩን መክፈል ለማይችል ደግሞ ለጤናና ለደኅንነት ለሚያሰጉ ጥገናዎች እስከ 10,000 ዶላር በስጦታ ይሰጣል። ቤቱ በሦስት ዓመት ውስጥ ከተሸጠ ስጦታው ይመለሳል። ማመልከቻው በየግዛቱ ባለው የገጠር ልማት ቢሮ ዓመቱን ሙሉ ይቀበላል።